ፊታችን ለምን ጠቆረ? በገዳሪፍ መንገድ የተጓዙ ሌንሶችና ፍላሾች ታሪክ

በብዙዎቻችን ቤት አልበም ውስጥ አንድ ዓይነት ፎቶ አለ። የተነሣው ገዳሪፍ፣ ከሰላ ወይም መተማ ነው፤ ሰርግ ይሆናል፣ ዒድ ይሆናል፣ ጥምቀት ይሆናል። አባት ነጭ ጀላቢያ ለብሰው ቆመዋል፤ እናት ነጠላ ወይም ቶብ ተከናንበዋል፤ ልጆች ከፊት ተደርድረዋል። ልብሱ ከመንጣቱ ብዛት የነጠላው ጥለት እንኳ አይለይም። ፊት ግን የለም። ዓይንና ጥርስ ይታያል፤ የቀረው ጥላ ነው። ልጆች ሆነን ለምን እንዲህ እንደሆነ ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ "ጠይም ሰው ፎቶ ላይ አይወጣም።"

ስሕተት ነው። ፊታችንን ያጠፋው ቆዳችን አይደለም። በየዘመኑ በበቅሎ፣ በሎሪና በሻንጣ የመጣው መሣሪያ፣ ከዚያም በላይ ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ ነው። ይህን ታሪክ ማወቅ ዛሬ ሌንስና ፍላሽ ለሚገዛ ሰው ገንዘብ ያድናል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ለምን አነሣሁት? በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር ከዚያ ከወጣው ሕዝብ ከፊሉ በገዳሪፍና በጋላባት አድርጎ ወደ መተማ ተሻግሯል። ሰው በአንድ ሻንጣ ነው የወጣው። አልበም ከባድ ነው፤ ብዙ ቤት አልበሙ እዚያው ቀረ። ለአንዳንዱ ከአባቱ ፊት የተረፈው አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት። በሌላ በኩል ደግሞ ከወጣቶቻችን ጥቂት የማይባሉት የሰርግና የጉዞ ፎቶ ሥራ ጀምረዋል፤ ከዱባይና ከአዲስ አበባ ዕቃ ያስመጣሉ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም "ትልቁ ሌንስ ስንት ነው?" የሚል ነው። ስለ ብርሃን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

ከመጀመሪያው ልነሣ። በ1861 እና በ1862 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በአትባራና በሰቲት ወንዞች ዳር ሲያድን ሲዞር ቆይቶ ጋላባትንም አይቷል። በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ግን በእጅ የተሠራ ሥዕል ነው። ከእሱ በኋላ ሆርሙዝድ ራሳም የእንግሊዝን ደብዳቤ ይዞ ወደ አጼ ቴዎድሮስ ሲሄድ ያለፈው በዚሁ በእኛ መንገድ፣ በከሰላና በመተማ በኩል ነበር። ነገሩ ሳይሳካ ቀርቶ በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ በኩል ወደ መቅደላ ሲወጣ ግን ከእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር የተመደቡ ፎቶ አንሺዎች አብረው ወጡ።

የእነዚያ ሰዎች "ተንቀሳቃሽ" መሣሪያ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ያስቃል። ፎቶው የሚነሣው በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ በብር ጨው ውስጥ ይነከራል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል፤ ሳይደርቅም ይታጠባል። ከቀባህ በኋላ ያለህ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ጨለማ ድንኳኑ፣ መድኃኒቱ፣ ውኃው፣ የመስታወቱ ሣጥንና ባለ ሦስት እግሩ ካሜራ ሁሉ ፎቶ በሚነሣበት ቦታ መገኘት አለበት። ያን ሁሉ የሚሸከመው በቅሎ ነው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ክብደቱ አይደለም። ያ መድኃኒት የሚያየው ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነበር። በድሮ ፎቶዎች ላይ ሰማዩ ባዶ ነጭ ወረቀት የሚመስለው ለዚህ ነው። ቀይና ቡናማ ቀለም ደግሞ ለመድኃኒቱ ጨለማ ነው። የሰው ቆዳ፣ የፈረንጅም ሳይቀር፣ ከሰማያዊ ይልቅ ቀይ ብርሃን ነው የሚመልሰው፤ ጠይም ቆዳ ሲሆን ሰማያዊው እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ሰውየው በዓይን ከሚታየው በላይ ጠቁሮ ይወጣል። የመጀመሪያው ሌባ ኬሚስትሪው ነው ማለት ነው።

ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው መድኃኒት የተነሣ ሌላ ፎቶ አለ። ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ በ1868 ክረምት ዋይት ደሴት ላይ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ተነሥቷል። ካሜሮን የምትሠራው መስታወት በተገጠመለት የቀድሞ የዶሮ ቤት ውስጥ ነበር። ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ ለስላሳና ሰፊ ነው፤ ለልጁም ቅርብ ነው። ፊቱ ይነበባል፤ ኀዘኑ ሳይቀር ይነበባል። ኬሚስትሪው አንድ ሆኖ ሳለ ብርሃን አያያዙ ፊትን አተረፈ። ይህን ፎቶ ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት፤ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ያስረዳል።

አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት በመጋቢት 1889 አውሮፓ ውስጥ ነገሩ ተለውጦ ነበር። ደረቅ መስታወት መጥቷል፤ ኮዳክ በ1888 ጥቅል ፊልም ያለውን የእጅ ካሜራ ሸጧል፤ ጀርመኖች በ1887 የማግኒዥየም ዱቄት ፍላሽ ሠርተዋል። ዱቄቱ በትሪ ላይ ፈስሶ ይለኮሳል፤ ቡም ይላል፤ ክፍሉ በጭስ ይሞላል፤ እጅ ያቃጠለባቸውም ነበሩ። ብርሃን በከረጢት መጓዝ የጀመረው በዚህ ነው።

በሚቀጥለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ጥሩ ፎቶ የሚገኘው ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ ለቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሆኑ። በሱዳን በኩል ደግሞ ከሁሉ ስሙ የገነነው ራሺድ ማህዲ ነው፤ በ1923 ተወልዶ በ2008 ያረፈ፣ የባቡር ከተማ በሆነችው በአትባራ ስቱዲዮ የነበረው። (አትባራ ከተማን ያጠጣው ወንዝ መተማ አጠገብ "ጓንግ" የምንለው የራሳችን ውኃ ነው፤ ይህን ለሱዳን ወዳጆቼ ሳነሣባቸው ይስቃሉ።) የራሺድ ማህዲን ሥራ ስታዩ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ፣ ነጭ ጥምጥም ጠምጥሞ የተቀመጠ በጣም ጠይም ሰው ታገኛላችሁ፤ የጀላቢያው እጥፋት ይታያል፤ የፊቱም መስመር ሁሉ ይታያል። ትልቅ የእንጨት ካሜራ፣ የተጠና መብራት፣ የማይቸኩል እጅ። ፈረንጅ ብቻ ነው የሚያውቅበት የሚል ካለ መልሱ አትባራ ነው።

ስቱዲዮ ግን ቤት ነው፤ አይጓዝም። ነጋዴ ደግሞ ይጓዛል። ለመታወቂያ፣ ለይለፍ ወረቀት፣ ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ የፈለገ ሰው የሚሄደው ወደ መንገድ ዳር ፎቶ አንሺ ነበር፤ ያ ሰው እጁን በጥቁር ጨርቅ እጅጌ ውስጥ አስገብቶ ሣጥን ውስጥ ፎቶ የሚያጥብ። በሣጥኑ ውስጥ ፊልም የለም፤ ወረቀት ነው። መጀመሪያ የተገላበጠው ፎቶ ይነሣል፤ እሱ እንደገና ፎቶ ይነሣና ይቃናል። ፈጣንና ርካሽ ነበር። ግን ያ ወረቀትም እንደ መቅደላው መስታወት ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው የሚያየው። ሁሉንም ቀለም የሚያይ ፊልም ገበያ ላይ ከዋለ ብዙ ቆይቶም የእኛ ጉርድ ፎቶ በአሮጌው ዓይን ይነሣ ነበር፤ ያውም በቀትር ፀሐይ፣ ግድግዳ ተደግፎ።

ስለ ቀትር ፀሐይ ትንሽ ልቆይ። ገዳሪፍ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 14 ዲግሪ ላይ ናት። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 20 አካባቢና ነሐሴ 10 አካባቢ ፀሐይ በቀትር ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም። ሰውም እንደዚያው ነው። ግንባርና የአፍንጫ ጫፍ ይበራል፤ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ይህን ጥላ ለመሙላት ነው በቀን ፍላሽ የሚያስፈልገው። "ፍላሽ ለማታ ነው" የሚለው እምነት ከሰሜን አገር የመጣ ይመስለኛል፤ እዚያ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ነው የምታበራው።

አሁን ወደ ትንሿ ካሜራ እንምጣ። በ1925 ላይካ ለሲኒማ በተሠራው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራ የኪስ ካሜራ ሸጠ፤ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ ክፍተቱ ኤፍ 3.5፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ። በ1929 ጀርመን ውስጥ የአምፖል ፍላሽ ወጣ፤ ጭሱ ቀረ፤ አንዱ አምፖል ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበራው። በ1930ዎቹ ሃሮልድ ኤጀርተን አሜሪካ ውስጥ ደጋግሞ የሚበራውን የኤሌክትሪክ ፍላሽ ለፎቶ ሥራ አዋለ። ዛሬ በሱቃችን የምንሸጠው ሁሉ የእነዚህ የልጅ ልጅ ነው።

ግን በዚህ ጠረፍ ላይ የተነሡት ዝነኛ ፎቶዎች ያለ ፍላሽ ነው የተነሡት። በ1984 እና በ1985 ረኃቡና ጦርነቱ ከሰሜን ኢትዮጵያ ሕዝብ ሲያፈልስ ዋድ ኮሊ፣ ዋድ ሸሪፌ፣ ኡም ራኩባ፣ ተዋዋ የሚባሉት ካምፖች ሞሉ። ብራዚላዊው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ ያኔ ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ሆኖ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በቻድና በማሊ ይሠራ ነበር። የያዘው ላይካ ካሜራዎችንና 28፣ 35 እና 60 ሚሊ ሜትር ሌንሶችን ነው። ሦስት ትናንሽ ሌንስ፤ ከሩቅ የሚጎትት የለም። ብርሃኑን ከቦታው ይወስዳል፤ የዛፍ ሥር ጥላ፣ የድንኳን አፍ፣ በአቧራ ውስጥ ያለፈ የጠዋት ፀሐይ። በ1985 የኦስካር ባርናክን ሽልማት አገኘ፤ የሳሕል መጽሐፉ በ1986 ታተመ፤ እሱ ራሱ በግንቦት 2025 ዐረፈ።

ሥራውን አደንቃለሁ፤ ቅሬታም አለኝ። በአብዛኛው ፎቶው ሥር የሰዎቹ ስም የለም። ፊታቸው ፓሪስና ኒው ዮርክ ገባ፤ ለቤተሰባቸው አልበም ግን አልደረሰም። በኅዳር 2020 ከትግራይ የሸሸው ሕዝብ ወደ ሐምዳየትና እንደገና ወደ ተከፈተችው ኡም ራኩባ ሲገባ የአሶሺየትድ ፕሬሷ ናሪማን ኤል ሞፍቲ ብዙ ሰው አንሥታለች፤ እዚያ ግን ከፎቶው ሥር ስም አለ፤ ዕድሜም አለ። በ36 ዓመት ውስጥ ከተለወጠው ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

በዚያው በ1984 እና በ1985 ደግሞ ፎቶ መነሣት ራሱ አደጋ የሆነባቸው ነበሩ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች በምሥጢር በአውቶቡስ ወደ ካርቱም፣ ከዚያም በአውሮፕላን ተወስደዋል፤ በመጋቢት 1985 ደግሞ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ገዳሪፍ አጠገብ ካለ ሜዳ ጥቂት መቶዎችን አንሥተዋል። በመንገድና በካምፕ ያለቀው በሺዎች የሚቆጠር ነው። ፎቶ ማስረጃ ነው፤ በዚያ ጉዞ ደግሞ ማስረጃ ያስይዝ ነበር። ካሜራ ይዘህ ካምፕ፣ ኬላ ወይም ድልድይ አጠገብ ስትደርስ ይህን አስታውስ፤ ፊቱ የባለቤቱ ነው። አስፈቅድ፤ እምቢ ካለህ ካሜራህን ክተት።

ወደ ነጩ ጀላቢያ ልመለስ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡት ፍላሾች አንዱ ቪቪታር 283 ነው። በአራት ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ አናቱ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ከፊቱም ትንሽ ዓይን አለችው። ዓይኗ ከሰውየው ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን ትለካለች፤ ይበቃል ባለች ጊዜ ፍላሹን ትቆርጣለች። በጣም ብልህ ሥራ ነው፤ ጉድለቱ ፊትን ከልብስ አለመለየቱ ነው። ከፊቷ ነጭ ጀላቢያ ሲቆም ብርሃኑ ቶሎና በብዛት ይመለሳል፤ ዓይኗ በቃ ብላ ትዘጋለች፤ ፊቱ ገና ድርሻውን አላገኘም። በየአልበማችን ያለው ጥላ ፊት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፍላሹ ካሜራው ላይ ሆኖ ፊት ለፊት መተኮሱ ነው፤ ልብሱም ፊቱም እኩል ብርሃን ይደርሳቸዋል፤ ነጩ ያሸንፋል።

በዚህ ላይ የቀለም ፊልም ተጨመረ። ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መመዘኛ ካርድ ነበር፤ "ሸርሊ" ይባላል፤ በላዩ ያለችው ነጭ ሴት ናት። አጣቢው የሸርሊ ቆዳ ደኅና እስኪመስል ማሽኑን ያስተካክላል፤ የቀረነው በእሷ ልክ እንታተማለን። ነገሩ መሻሻል የጀመረው ስለ ሰው ቆዳ በቀረበ አቤቱታ ብቻ አይደለም። የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች "ቡናማው ዕቃችን ለማስታወቂያ አይለይም" ብለው ማማረራቸው ትልቅ ድርሻ ነበረው። ለነጋዴ የሚሆን ቁም ነገር ነው፤ ገበያው ሲጠይቅ ፊልሙ አየ።

ያኔ የነበረው ፍላሽ አቅሙ ምን ያህል ነበር? ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል፤ ሌንስ የሚመረጠው በዚህ ነውና። የቪቪታር 283 የኃይል ቁጥር በ100 ፊልም 36 ነው። ቁጥሩን በርቀቱ ስታካፍለው የሌንሱ ክፍተት ይወጣል፤ በ2 ሜትር 18፣ በ4 ሜትር 9። የገዳሪፍ የቀትር ፀሐይ ደግሞ በዚያ ፊልም፣ በአሮጌዎቹ ካሜራዎች የፍላሽ ፍጥነት በ60ኛ ሰከንድ፣ ኤፍ 22 ገደማ ይጠይቃል። እንግዲህ በ2 ሜትር ላይ ፍላሹ ፀሐይን ሊደርስባት ጥቂት ይቀረዋል፤ የዓይን ጥላ ለመሙላት በቂ ነው። በ4 ሜትር ግን የለም ማለት ይቻላል። 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ 5 ሜትር የራቀ ሰው ፍላሹን ያበራው ለጌጥ ነው። 50 ሚሊ ሜትር የያዘው ደግሞ 2 ሜትር ላይ ቆሞ ከወገብ በላይ ያነሣል። ፍላሹ ሌንሱን መረጠ።

ይህ ሒሳብ አልረጀም። ዛሬ ከቻይና የሚመጡት የጎዶክስና የዮንግኑዎ ፍላሾች ካርቶን ላይ "60" የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ያ ቁጥር የፍላሹ አናት ወደ 200 ሚሊ ሜትር ጠብቦ፣ ብርሃኑ እንደ ባትሪ መብራት ሲወረወር ነው። ለ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንዲሰፋ ሲደረግ ወደ 36 ገደማ ይወርዳል። ከ50 ዓመት በፊት የነበረው ቁጥር ማለት ነው! በዚህ በኩል ኃይሉ አላደገም። ያደገው ሌላ ነው። ካሜራው በ200ኛ ሰከንድ ከፍላሽ ጋር ይሠራል፤ ሴንሰሩ በጨለማ ያያል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍላሹ ከካሜራው ተለይቶ በሬዲዮ ይታዘዛል። ይህች የመጨረሻዋ የራሺድ ማህዲን ስቱዲዮ በትከሻ ቦርሳ አስገባችው።

ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህን ነው። ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ትልቅ ሌንስ አትግዛ። አንድ ትንሽ፣ ክፍተቱ ሰፊ ሌንስና ሬዲዮ ያለው ፍላሽ ከነማዘዣው ግዛ። የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 በ2015 የወጣው 160 ግራም ነው፤ የ1990ው 130 ግራም ነበር፤ ከግማሽ ኪሎ ስኳር ያነሰ ነገር ነው። አብዛኛው በእጃችን ያለው ካሜራ አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ስለሆነ በእሱ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ፊትን ሳያዛባ በ2 ሜትር ከወገብ በላይ ያወጣል። 85 ሚሊ ሜትር ውብ ሌንስ ነው፤ አልክድም፤ በሣር ጎጆ ውስጥ ግን ጀርባህ ግድግዳ ይነካል፤ ሰውየው ገና ከደረቱ ላይ ተቆርጧል። ስምንት ሰው በአንድ ሶፋ የሚቀመጥበት ቤት ደግሞ 50ውም አይበቃም፤ ወደ 6 ሜትር ተኩል መራቅ ይጠይቃል። ለዚያ 24 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ በ3 ሜትር ይጨርሰዋል። ሁለት ሌንስ፣ ከዚያ በቃ። የጉዞውንም ሥራ፣ ገበያውንም፣ የሰሊጥ ጆንያውንም እነዚሁ ይሠሩታል።

አንድ ሌንስ ላይ መቆየት ሌላም ጥቅም አለው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ ዱቄት ነው፤ ሌንስ በነቀልክ ቁጥር ሴንሰሩ ላይ ይቀመጣል። ሎሪ ላይ ሌንስ አይቀየርም። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ ያገለገለ ሌንስ ስትገዛ በስልክህ መብራት ከኋላ አብርተህ ውስጡን እይ፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካየህ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ተወው።

አሮጌ ፍላሽም በርካሽ ይገኛል፤ ቪቪታርም አለ። አንዳንዶቹ የድሮ ፍላሾች ከካሜራው ጋር በሚገናኙበት እግራቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይልካሉ። ለዲጂታል ካሜራ ሞት ነው። ቮልቱን ሳታስለካ አትሰካ። ባትሪ ድንጋዩም ቢሆን በየመንገዱ የሚሸጠው ርካሽ ድንጋይ ሃያ ጊዜ ሳይበራ ይደክማል፤ ሙሽራዋ ቆማ ትጠብቅሃለች። የሚሞላ ደብል ኤ ሁለት ዙር መያዝ ይሻላል።

አሁን አጠቃቀሙ። ፍላሹን ካሜራው ላይ አትተወው። ለረዳትህ ስጠው፤ ረዳት ከሌለ ለሙሽራው ወንድም ስጠው፤ ከሰዎቹ በስተ ጎን፣ ከፊታቸው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዘው። ብርሃኑን ወደ ፊት አዙረው እንጂ ወደ ደረት አታውርደው፤ ጀላቢያው ከብርሃኑ ጠርዝ የሚደርሰው ይበቃዋል። ነጩና ጠይሙ የሚታረቁት እንዲህ ነው። አውቶማቲኩን ከተጠቀምክ ነጭ ልብስ በበዛበት ቦታ አንድ ደረጃ ጨምርበት፤ ስሙ ቲቲኤል ተባለ እንጂ ልክ እንደ ቪቪታሯ ዓይን በነጭ ይታለላል። ብርሃኑን ለማለስለስ ወደ ጣሪያ መላክ ብዙዎች የሚያስተምሩት ዘዴ ነው፤ ጣሪያው ግን ነጭ መሆን አለበት። የሣር ጣሪያ ብርሃን ይበላል። የሱዳን ሰርግ ሰይዋን ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ነው፤ ወደ እሱ ከላክኸው ሙሽራዋ አረንጓዴ ሆና ትመለሳለች። ነጭ ነጠላ በሁለት ሰው እጅ ተወጥሮ፣ ፍላሹ ወደ እሱ ተተኩሶ የሚመለሰው ብርሃን ግን የካሜሮንን የመስታወት ቤት ያስንቃል። ፊታችንን ሲያጠፋ የኖረው ነጭ ልብስ እዚህ ላይ ፊታችንን ያወጣል፤ ወጪም የለውም።

ለመግዛት ስትሄዱ አንድ ነገር አድርጉ። ሻጩ ካሜራውን ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ካርቶን አነጣጥሮ እንዲያሳያችሁ አትፍቀዱ። አብሯችሁ የመጣውን በጣም ጠይም የሆነ ሰው ነጭ ልብስ አልብሳችሁ ሱቁ በር ላይ፣ ግማሹን በፀሐይ ግማሹን በጥላ አቁሙት። መጀመሪያ ያለ ፍላሽ፣ ከዚያ ፍላሹ ካሜራው ላይ ሆኖ፣ ከዚያ በእጅ ከጎን ተይዞ ሦስት ጊዜ አንሡት። በትንሹ መስኮት አጉልታችሁ ዓይኑን እዩ፤ ከዚያ የጀላቢያውን ኪስ ስፌት እዩ። በአንዱ ፎቶ ሁለቱም አብረው ከታዩ፣ ስለ ዋጋው መነጋገር መጀመር ትችላላችሁ።